ሳይለካ የሚገምት ስኬጁለር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 በካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚመክር ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። እዚያ ጽሑፍ ካቀረቡት መካከል የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ባልደረቦች የነበሩት ማርክ ዋይዘር፣ ብሬንት ዌልች፣ አለን ዴመርስና ስኮት ሼንከር ይገኙበታል። ያነሱት ጥያቄ አጭር ነው፦ ፕሮሰሰሩ የትኛውን ሥራ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ስኬጁለር፣ ሥራው የሚፈጀውን ኃይል ለምን አያስብም? እስከዚያ ድረስ ስኬጁለር የሚመዘነው በፍጥነቱና በፍትሐዊነቱ ብቻ ነበር። እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚሳፈር፣ የትኛው መኪና እንደሞላ ያውቃል፤ መኪናው በመንገዱ ላይ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚጨርስ ግን ጠይቆትም ተጠይቆም አያውቅም።

የጥያቄያቸው መሠረት ፊዚክስ ነው። ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚወስዱት ኃይል የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ፕሮሰሰሩን በግማሽ ፍጥነት ማሠራት ቮልቴጁንም በግማሽ ለመቀነስ ካስቻለ፣ ሥራው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚፈጀው ጠቅላላ ኃይል ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ቮልቴጁን እንዳለ ትቶ ፍጥነቱን ብቻ መቀነስ ግን ጥቅም የለውም፤ በየሰከንዱ የሚፈሰው ቢያንስም ሰከንዶቹ ይበዛሉ። ስለዚህ ቸኩሎ ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ጊዜ እስካለ ድረስ ዝግ ብሎ መሥራት ያዋጣል። ጊዜ መኖሩን ማን ይንገረው? ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አያውቅም።

አራቱ ተመራማሪዎች ከዩኒክስ ኮምፒውተሮች የሥራ መዝገብ ወስደው ሦስት ዘዴዎችን በማስመሰያ ፕሮግራም ፈተኑ። የመጀመሪያው የሙሉውን መዝገብ ሥራ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ታሰበ። ሁለተኛው ጥቂት ሚሊሰከንድ ወደፊት ማየት ይችላል። ሦስተኛው፣ «ፓስት» ያሉት፣ ያለፈውን ብቻ ነው የሚያየው፦ ባለፈው አጭር ጊዜ ፕሮሰሰሩ ከ70 በመቶ በላይ ተይዞ ከነበረ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ከ50 በመቶ በታች ከነበረ ይቀንሳል። ነገ እንደ ትናንት ይሆናል የሚለው ይህ ተራ ግምት፣ በ50 ሚሊሰከንድ እያየ ሲወስን፣ ቮልቴጁ እስከ 3.3 ቮልት መውረድ በሚችል ቺፕ ላይ እስከ 50 በመቶ፣ እስከ 2.2 በሚወርድ ቺፕ ላይ ደግሞ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ማዳን እንደሚችል አሳዩ። የሚገርመኝ ድፍረታቸው ነው። በሥራ ላይ እያለ ቮልቴጁን የሚቀያይር ተራ ኮምፒውተር በገበያ ላይ ሳይኖር፣ ቺፑ እንዲመጣ የሚያስገድደውን ሶፍትዌር አስቀድመው አስበውታል።

በዚያው ዓመት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቪቬክ ቲዋሪ፣ ሻራድ ማሊክና አንድሩ ዎልፍ ከሌላ አቅጣጫ መጡ። ኢንቴል 486 ፕሮሰሰር ላይ አንድን ትእዛዝ ደጋግመው እያሠሩ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በመለኪያ አነበቡ። በዚህ መንገድ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ዋጋ ወጣለት፤ የአንድ ፕሮግራም ፍጆታም በትእዛዞቹ ድምር ሊገመት ቻለ። ትክክለኛነቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በየሚሊሰከንዱ ውሳኔ የሚሰጥ ስኬጁለር ተቀምጦ ትእዛዝ ሊቆጥር አይችልም።

በጃንዋሪ 2000 ትራንስሜታ የተባለው ኩባንያ ክሩሶ የሚል ስም የሰጠውን ቺፕ አስተዋወቀ። ክሩሶ ቮልቴጁንና ፍጥነቱን በሥራ ላይ እያለ ይቀያይር ነበር። በዚያው ወር ኢንቴልም ተመሳሳይ ዘዴ የሆነውን ስፒድስቴፕን ለላፕቶፖች አወጣ። በዓመቱ ውስጥ ደግሞ ጀርመናዊው ፍራንክ ቤሎሳ የሁለቱን መንገዶች ድልድይ ሠራ፦ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ቆጣሪዎች፣ ማለትም ስንት ትእዛዝ ተፈጸመ፣ ስንት ጊዜ ከማህደረ ትውስታ ተነበበ የሚሉት፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ተነጥለው ቢያዙ የሥራው ፍጆታ በጁል ሊገመት ይችላል አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን ያህል የበላው እገሌ ነው» ለማለት የሚያበቃ ዘዴ አገኘ። በ2002 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህም አልፈው ኃይልን እንደ ገንዘብ ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል ስርዓት ሠሩ። ሁለቱም ሥራዎች ከጊዜያቸው የቀደሙ ነበሩ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ያኔ የሚያሳስባቸው ቀጣዩ ቺፕ ስንት ጊጋኸርዝ ይሆናል የሚለው ነበርና።

የጊጋኸርዙ ዘመን ብዙም አልቆየም። በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ፣ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ እንደሚያንስ፣ ስለዚህ በአንድ ስፋት ላይ የሚፈጀው ኃይል ሳይጨምር ፍጥነት ማሳደግ እንደሚቻል ጽፈው ነበር። ሕጉ ሠላሳ ዓመት አገለገለ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ቆመ። ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ሲወርድ ትራንዚስተሩ ጠፍቶም እያለ ኃይል ያፈስሳል። ኢንቴል በ2004 ቴጃስ የተባለውን ፈጣን ቺፕ ሰርዞ ወደ ባለ ብዙ ኮር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ፕሮሰሰር ወደሚይዝ ንድፍ፣ ዞረ። ለስኬጁለሩ ይህ ሙሉ በሙሉ አዲስ ጥያቄ ነበር፦ «መቼ» ከሚለው ላይ «የት» የሚለው ተጨመረ።

ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሰጠው ምላሽ የተበታተነ ነበር። ፍጥነትን የሚወስነው ክፍል ለብቻው ቆመ፤ በ2004 የገባው «ኦንዲማንድ» የተባለው ተቆጣጣሪ በየተወሰነ ጊዜ የፕሮሰሰሩን ጫና እየተመለከተ ከወሰን ሲያልፍ ፍጥነቱን እስከ ጣሪያው ይሰቅላል። ከዋይዘር «ፓስት» ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሥራ የፈታን ኮር ምን ያህል ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚያስገባ የሚወስነው ሌላ ክፍል ደግሞ በ2008 መጀመሪያ ገባ። ስኬጁለሩ ራሱ በኦክቶበር 2007 በኢንጎ ሞልናር እጅ እንደገና ተጽፎ፣ ለሁሉም ሥራ እኩል ድርሻ የሚሰጥ ሆነ። ሦስቱ ክፍሎች አንድ ፕሮሰሰር ላይ ይሠራሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ስኬጁለሩ አንድን ሥራ ወደ ሌላ ኮር ሲያዛውር ፍጥነት ተቆጣጣሪው የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እንቅልፍ አስተዳዳሪው አንድን ኮር በጥልቅ ሲያስተኛ ስኬጁለሩ ወዲያው አዲስ ሥራ ሊልክለት ይችላል። ኃይል ለመቆጠብ ሥራን በጥቂት ኮሮች ላይ ለማሰባሰብ የሚረዱ ማስተካከያዎች ተጨምረው ነበር፤ በአግባቡ የሚንከባከባቸው ጠፍቶ በ2012 ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት፣ ወጡ።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው ስልክ ነው። በኦክቶበር 2011 የእንግሊዙ አርም «ቢግ-ሊትል» የሚለውን ንድፍ ይፋ አደረገ፦ በአንድ ቺፕ ላይ ፈጣንና ኃይል በላ የሆኑ ትልልቅ ኮሮች፣ ከጎናቸው ዘገምተኛና ቆጣቢ የሆኑ ትንንሽ ኮሮች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስለሚረዱ ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይችላል። በ2013 ሳምሰንግ ይህን ቺፕ በጋላክሲ ኤስ4 ላይ ሲያወጣ ስምንት ኮር ነበረው፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አራቱ ብቻ ነው። ወይ ትልልቆቹ፣ ወይ ትንንሾቹ። አንዱ ምክንያት ስኬጁለሩ ነው። ስኬጁለሩ ኮር ሁሉ እኩል ነው ብሎ ያምን ስለነበር ስምንቱን አንድ ላይ ለእሱ ማስረከብ አደጋ ነበረው።

ከዚያ በኋላ የቺፕ ሻጩ ሁሉ የየራሱን መላ መምታት ጀመረ። በ2013 ለሊኑክስ ከርነል ኃይል ለመቆጠብ የታሰቡ የተለያዩ የኮድ ለውጦች ከየአቅጣጫው ቀረቡ። ከስኬጁለሩ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ሞልናር አንዱንም አልተቀበለም። ፍጥነት፣ እንቅልፍና የሥራ ድልድል በሦስት ቦታ እየተወሰኑ አራተኛ የውሳኔ ቦታ አልጨምርም፤ ሁሉም በአንድ ንድፍ ይምጣ አለ። ብዙዎችን ያበሳጨ አቋም ነበር፤ ኩባንያዎቹ ስልክ እያወጡ ነው፤ መዘግየት ገንዘብ ያስከፍላል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚያ እምቢታ ነው። ያኔ ቢለሰልስ ኖሮ ዛሬ በአንዱ ቺፕ ላይ የሚቆጥብ፣ በሌላው ላይ የሚያባክን ከርነል ይኖረን ነበር።

እንደ እድል ሆኖ አንድ መሠረት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተጥሏል። የጉግሉ ፖል ተርነር የጻፈው፣ የእያንዳንዱን ሥራ ጫና ለየብቻ የሚከታተል ዘዴ በሊኑክስ 3.8 ውስጥ ገባ። ዘዴው ጊዜን አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ በሆኑ ቁርጥራጮች ይከፍላል፤ የቅርቡን ቁርጥራጭ በሙሉ ይቆጥራል፤ ከ32 ሚሊሰከንድ በፊት የነበረውን በግማሽ፣ ከ64 በፊት የነበረውን በሩብ። ውጤቱ ለሥራው የተሰጠ አንድ ቁጥር ነው። ከዚህ በፊት ስኬጁለሩ ኮሩ ሥራ እንደበዛበት ያውቃል፤ የትኛው ሥራ እንዳበዛው ግን አያውቅም ነበር። አሁን አንድን ሥራ ወደ ሌላ ኮር ባዛውረው ጫናውን ይዞ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማስላት ቻለ።

በ2014 የአርሙ ሞርተን ራስሙሰን የኃይል ፍጆታ ሞዴል የመጀመሪያ ረቂቅ አቀረበ። ሐሳቡ ስኬጁለሩን ከግምታዊ ልማዶች ማላቀቅ ነበር። «ሥራን አሰባስብ» ወይም «ሥራን በትን» የሚል ደንብ በአንዱ ቺፕ ላይ ትክክል፣ በሌላው ላይ ስህተት ነው። ደንብ ከመስጠት ይልቅ የዋጋ ሰንጠረዥ ይሰጠው፤ እያንዳንዱ ኮር በእያንዳንዱ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚሠራና ምን ያህል እንደሚፈጅ ይጻፍለት፤ ራሱ አስልቶ ይምረጥ። ዲትማር ኤገማን፣ ዩሪ ሌሊ፣ ፓትሪክ ቤላሲና ሌሎች ከራስሙሰን ጋር ለዓመታት ሠሩበት። የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ከባድ ነበሩ። የእንቅልፍ ደረጃዎች ዋጋ፣ ኮሮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ክፍል ዋጋ፣ ሁሉም በተደራረበ መዋቅር ተቀምጦ ነበር። ሥራ በነቃ ቁጥር ይህን ሁሉ ማስላት ራሱ ኃይል ይፈጃል።

አንድ ጎዶሎ ግን ቀርቶ ነበር። ሰንጠረዡ የሚነበበው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ሌላ ክፍል። ስኬጁለሩ «ይህን ሥራ እዚህ ባደርግ ኮሩ በስንት ይሮጣል?» የሚለውን ካላወቀ ስሌቱ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። በ2016 በሊኑክስ 4.7 ራፋኤል ቪሶትስኪ ያስገባው «ስኬድዩቲል» ይህን ፈታ። ኮሩን በየጊዜው እየሰለለ ከመገመት፣ ጫናውን ከስኬጁለሩ በቀጥታ ወስዶ ሩብ ያህል መተንፈሻ ጨምሮ ፍጥነቱን ይመርጣል። ፍጥነት ከጫና የሚወለድ ስለሆነ ስኬጁለሩ ሊሆን ያለውን ፍጥነት ከአሁኑ ማወቅ ይችላል። የፍጥነት ምርጫና የሥራ ድልድል ከዓመታት በኋላ በአንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ።

የስልክ ገበያው ዋናው ከርነል እስኪቀበለው አልጠበቀም። በ2016 መጨረሻ የወጣው የጉግል ፒክስል ስልክ ይህን በዋጋ ሰንጠረዥ የመደልደል ዘዴ ይዞ መጣ፤ ሌሎች አንድሮይድ ስልኮችም ተከተሉት። ዛሬ መብራት ሲጠፋ በአዲስ አበባ አንድ ተማሪ እስከ ማታ ሊያዘልቀው የሚፈልገው፣ ትልቅና ትንሽ ኮር ያለው አንድሮይድ ስልክ ሥራውን የሚደለድለው በዚሁ ሐሳብ ነው።

በአርም ይሠራ የነበረው ኩዊንቲን ፔሬት በ2018 የድሮውን ከባድ ሞዴል ቆርጦ አቀለለው። የእንቅልፍ ዋጋ ወጣ፤ የተደራረበው መዋቅር ፈረሰ፤ የቀረው በአንድ ፍጥነት ለሚሄድ ለእያንዳንዱ የኮሮች ቡድን አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በማርች 2019 ሊኑክስ 5.0 ሲወጣ ዘዴው በውስጡ ነበር።

ስሌቱን የከርነሉ ሰነድ በሚሰጠው ምሳሌ መከተል ይቻላል። አራት ኮሮች አሉ እንበል፤ ሁለት ትንንሽና ሁለት ትልልቅ። የትልቁ ሙሉ አቅም 1024፣ የትንሹ 512 ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ኮር ጫና 400፣ የሁለተኛው 100፤ የትልልቆቹ 600ና 500። ከመጀመሪያው ትንሽ ኮር ጫና ውስጥ 200ው አሁን የሚነቃው ሥራ ነው። እዚያው ቢቆይ፣ 400 ጫና ከመካከለኛው የፍጥነት ደረጃ አቅም ከ341 ስለሚበልጥ ሁለቱም ትንንሽ ኮሮች 300 ወደሚፈጀው ከፍተኛ ደረጃ መውጣት አለባቸው፤ ጠቅላላ ዋጋው 1437 ይሆናል። ወደ ሁለተኛው ትልቅ ኮር ቢሄድ ትንንሾቹ ይረጋጋሉ፤ ትልቁ ግን ውድ ስለሆነ ድምሩ 1485 ይደርሳል። ወደ ሁለተኛው ትንሽ ኮር ቢሻገር አንዱ 200፣ ሌላው 300 ይዘው ሁለቱም 150 በሚፈጀው መካከለኛ ደረጃ ይሄዳሉ፤ ድምሩ 1364 ነው። ስኬጁለሩ ሦስተኛውን ይመርጣል። ልብ በሉ፣ ያተረፈው ጎረቤቶቹ ከፍ ያለ ፍጥነት እንዳያስፈልጋቸው በማድረግ ነው። ሥራው ራሱ ከቆጣቢ ኮር ወደ ቆጣቢ ኮር ነው የሄደው። «ትንሽ ሥራ ለትንሽ ኮር» የሚል ተራ ደንብ ይህን ልዩነት ጨርሶ አያየውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም መለኪያ አልተነበበም። ከ2011 ጀምሮ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ፍጆታን የሚያሳውቁ ቆጣሪዎች አሏቸው፤ እነሱ ግን የሚናገሩት የሆነውን ነው። ስኬጁለሩ የሚፈልገው ገና ያልሆነውን፣ ያውም የሦስት አማራጮችን ዋጋ ነው። ያልተሄደበትን መንገድ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ ግምት ብቸኛው አማራጭ ነው። ግምቱ ደግሞ ድንበሩን ያውቃል። የአንዱ ኮር ጫና ከአቅሙ 80 በመቶ ሲያልፍ ስኬጁለሩ ስሌቱን ትቶ ወደ ድሮው እኩል ማከፋፈል ይመለሳል። ኮሩ ሲሞላ የሥራው እውነተኛ ፍላጎት ስለማይታይ የጫናው ቁጥር አይታመንም፤ በማይታመን ቁጥር ከማስላት አለማስላት ይሻላል። ይህን ጥንቃቄ እንደ ታላቅ ብስለት ነው የማየው።

ከ5.0 በፊትም በኋላም ግምቱን የማጥራት ሥራ አልቆመም። ረጅም ጊዜ የተኛ ሥራ ሲነቃ ጫናው ደክሞ ትንሽ ይመስል ነበር፤ በ2018 ቤላሲ ያስገባው ማሻሻያ ሥራው ከመተኛቱ በፊት የነበረውን ጫና እንዲያስታውስ አደረገ። በ2019 ደግሞ ፕሮግራሞች ራሳቸው ለሥራቸው የጫና ወለልና ጣሪያ እንዲሰጡ ተፈቀደ፤ ጣት የሚነካው ስክሪን እንዳይዘገይ፣ ከጀርባ የሚሠራው ደግሞ ትልቁን ኮር እንዳይቀሰቅስ። መጀመሪያ ላይ ሥራ የሚዛወረው ትርፉ 6 በመቶ ገደማ ካለፈ ብቻ ነበር፤ በ2022 ይህ ገደብ ተነሣ። በዚያው ዓመት የአርሙ ሉካስ ሉባ ሰንጠረዦቹ በሚሊዋት ምትክ በማይክሮዋት እንዲጻፉ አደረገ፤ ትንንሽ ኮሮች ከመቆጠባቸው የተነሳ ሚሊዋት ልዩነታቸውን ይውጠው ነበር።

የሉባ ትልቁ ለውጥ በሜይ 2024 ከሊኑክስ 6.9 ጋር መጣ። እስከዚያ ድረስ ሰንጠረዡ ማሽኑ ሲነሣ አንዴ ተጽፎ ይቀር ነበር። ቺፕ ግን ሲሞቅ ይበልጥ ያፈስሳል፤ የግራፊክሱ ክፍል ጨዋታ ሲያሠራ የሚያወጣው ሙቀት አጠገቡ ያሉትን ኮሮች ዋጋ ይቀይራል። አሁን ሰንጠረዡ በሥራ ላይ እያለ ሊታደስ ይችላል።

ዘዴው ወደ ኢንቴል ላፕቶፖች የገባው ደግሞ በ2025 ነው። ኢንቴል ከ2020 ጀምሮ ሁለት ዓይነት ኮር ያላቸውን ቺፖች ይሸጣል፤ አንዱ ኮር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ በሚይዝበት ቺፕ ላይ ግን የጫናው ቁጥር ትርጉም ስለሚያጣ ይህ ስሌት አይሠራም። በ2024 የወጣው ሉናር ሌክ ያንን ባሕርይ ተወው። በሊኑክስ 6.16 ቪሶትስኪ ለእንዲህ ያሉ ቺፖች በሩን ከፈተ። እዚህ የገባው ሰንጠረዥ ማይክሮዋት የለውም፤ በውስጡ ያሉት የትኛው ኮር ከየትኛው እንደሚወደድ በቅደም ተከተል የሚያሳዩ፣ ከእውነተኛ ፍጆታ ጋር ያልተያያዙ የዋጋ ቁጥሮች ናቸው። ሥራ ሲነቃ ስኬጁለሩ እነዚያን ቁጥሮች እንደ ልማዱ አስልቶ ርካሹን ኮር ይመርጣል።